አንድ ብር ሳላወጣ ካርቶን ቆርጠው ላሳዩኝ ባለሙያ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሥራዬ የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ማራኪ በኩል ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ መብራት የማይቆራረጠው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ኮምፒውተሬን ለሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ አውጥቶ እንዲጨርስ) ትቼ እተኛለሁ። ራይዘን 9 5900ኤክስ ፕሮሰሰርና ያገለገለ አርቲኤክስ 3080 የግራፊክስ ካርድ አለው። ካርዱ 83 ዲግሪ ሲደርስ ፋኖቹ መጮኽ ይጀምራሉ። ከግድግዳው ማዶ እናቴ ጠዋት ተነሥታ "ያ ወፍጮሽ ዛሬም እህሉን አልጨረሰ?" ትለኛለች። የጥር ሠርግ ሳይመጣ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ፤ በውሃ ማቀዝቀዝ አማረኝ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ሳይሆን ፓምፑ፣ ራዲያተሩ (የሞቀውን ውሃ በፋን የሚያቀዘቅዘው)፣ ቱቦው ለየብቻ ተገዝቶ የሚሠራው።

ቪዲዮ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሻጭ አማከርኩ፤ የዕቃ ዝርዝር ላከልኝና "ሁሉም ለሁሉም ይሆናል፣ አንቺ ብቻ ክፈዪ" አለኝ። ልከፍል ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ቆይ፣ መጀመሪያ አራዳ ላሉት ሰውዬ አሳዪያቸው" ብሎ አስቆመኝ። እግዜር ይስጠው።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ "ሰው ይበዛብኛል" ነው ምክንያታቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ለዓመታት ፍሪጅ ሲጠግኑ ኖረው ነው ወደ ኮምፒውተር የዞሩት። ሱቃቸው ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጉዳዬን ነግሬያቸው ስጨርስ መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ እኔ እንዲህ ያለውን የሠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህንን አውቀሽ ግቢበት" ነው። ያመንኳቸው እዚያው ላይ ነው። አሥር ዓመት ሠርቻለሁ የሚል ሰው በሽ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩን ተቀብለው በእስክሪብቶ ይሰርዙ ጀመር።

አንደኛ ራዲያተሩ። ሻጩ የጻፈልኝ የአልሙኒየም ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ (ውሃው እያለፈበት ሙቀቱን የሚቀበለው) ደግሞ ኒኬል የተቀባ መዳብ። "ፍሪጅ ላይ መዳብና አልሙኒየም የሚገናኙበት ቦታ እርጥበት ካገኘው የቱ የሚበላ ይመስልሻል?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አልሙኒየሙ ነው። ሁለት የተለያየ ብረት በአንድ ውሃ ሲነካካ እንደ ባትሪ ይሆንና ደካማው ይሟሟል፤ ሌላው ቢቀር የሟሟው ዝቃጭ የብሎኩን ቀጫጭን መስመር ይደፍናል። ስለዚህ ሁሉም ዕቃ መዳብና ናስ ይሁን ተባልኩ።

ሁለተኛ የካርዱ ብሎክ። ዝርዝሩ ላይ "ለ3080" ይላል፣ በቃ። ጋሼ ካርዱን አስፈተቱኝና ሰሌዳውን በስልክ አስነሡኝ። ለካ አንድ ዓይነት ስም ያለው ካርድ እንኳ አምራቹ ሲለያይ ሰሌዳው ይለያያል፤ ብሎኩ ደግሞ ቺፑን ብቻ ሳይሆን ሚሞሪዎቹንና የኃይል ክፍሎቹን እየነካ ስለሚቀመጥ በሚሊሜትር ካልገጠመ ጥቅም የለውም። የኔ ካርድና የተጻፈልኝ ብሎክ አይተዋወቁም። ዱባይ ድረስ ተልኮበት የሚመጣ ዕቃ እዚህ ደርሶ አልገጥም ቢል ማን ይመልስልኛል?

ሦስተኛ የራዲያተሩ ብዛት። ብዙዎች የሚሄዱበት ስሌት ሙቀት ለሚያወጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ 120 ሚሊሜትር ራዲያተር (የአንድ ፋን ስፋት)፣ ለመጠባበቂያ ሌላ 120 የሚል ነው፤ ለኔ 360 ይበቃል ማለት ነው። ጋሼ ግን "የጎንደርን ከፍታ ረሳሽው?" አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ወለል ላይ ካለ አገር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንስና ፋኑ ለዚያው ሥራ የበለጠ መዞር አለበት። መዞር ማለት ጩኸት ነው፣ ጩኸት ደግሞ እናቴ ናት። ስለዚህ 360 ላይ 240 ተጨመረ።

እነዚህ ሁለቱ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ ይገባሉ ወይ? እዚህ ላይ ነው ካርቶኑ የመጣው። ከጎናቸው ካለው ሱቅ የማካሮኒ ካርቶን ተቀብለው፣ በሜትር ለክተው፣ የ360ውን ከነጫፎቹ 40 ሳንቲሜትር በ12 ቆረጡ። ራዲያተሩ 30 ሚሊሜትር፣ ፋኑ 25፣ ድምሩ 55 ነው ብለው ካርቶኑን እየደራረቡ በገመድ አሰሩት። ከኬዙ ጣሪያ ሥር ሲያስገቡት ራሙ (ቆሞ የተሰካው ሚሞሪ) ላይ ተጋጨ። ወደ ፊት ለፊት አዛወሩት፣ ገባ። 240ውን ከላይ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሞከሩት፣ ራሙን ለጥቂት አለፈው። ይህን ሁሉ ያየሁት ገና አንድ ብር ሳላወጣ ነው። ያን የታሰረ ካርቶን አልጣልኩትም፣ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ፊቲንግም (ቱቦው ከዕቃው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ) ተቆጠረ። እኔ ስድስት ይበቃል ብዬ ነበር። አምስት ዕቃ አለ፦ ሁለት ብሎክ፣ ሁለት ራዲያተር፣ አንድ ፓምፕ ከነማጠራቀሚያው። እያንዳንዱ መግቢያና መውጫ ስላለው አሥር። በስተታች ውሃ ማውጫ ቧንቧ ስለሚያስፈልግ እሱም የራሱን ይፈልጋል፣ ሁለት ደግሞ ለመጠባበቂያ። ቱቦው ለስላሳው ዓይነት ይሁን አሉኝ፤ በሙቀት የሚታጠፈው ጠንካራው ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም። ውሃው ፕሮሰሰሩን ያስቀድም ወይስ ካርዱን ብዬ ስጨነቅ ወረቀት ላይ አሰሉልኝ፦ በደቂቃ 4 ሊትር የሚዞር ውሃ 460 ዋት ቢቀበል በአንድ ዙር የሚሞቀው ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቱቦው ባጠረበት በኩል ይሂድ። አንድ ግዴታ ብቻ አለ፤ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በላይ ይሁን፣ ፓምፑ ያለ ውሃ ለደቂቃም አይዙር።

መብራት ሲጠፋስ? ብዬ ጠየቅሁ፣ የጎንደር ሰው ነኝና። ሳቁብኝ። ፓምፑ ሲቆም ኮምፒውተሩም አብሮ ቆሟል፣ የሚሞቅ ነገር የለም።

ዕቃው ዘመድ ተሸክሞት ኅዳር ላይ ደረሰ። ውሃውን ግን እኔ ላምጣ ብዬ አንድ እሽግ የፕላስቲክ ውሃ ተሸክሜ ሄድኩ። ጋሼ አንዱን አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉና የተለጠፈበትን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ "ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም… ይህ ለጠጪ ነው እንጂ ለብረት አይደለም።" የሚያስፈልገው ተንኖ የቀዘቀዘው፣ ዲስቲልድ የሚባለው ነው። ጋራዥ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ "የባትሪ ውሃ" እንዳትሉ፤ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እሳቸው ራሳቸው ሄደው አመጡት። ራዲያተሮቹን በዚያው ውሃ ደጋግመው አጠቡ። ከመጀመሪያው እጣቢ የወጣውን ጥቁር ብናኝ ብታዩ! ቀጥሎ አልጌ የሚከላከለው ፈሳሽ ተጨመረ።

ፊቲንጉን በእጅ ብቻ ነው ያጠበቁት። ቴፍሎን ይጠቅለልበት ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው ስለሆነ ቴፍሎን ትርፍ ነው፣ በመፍቻ ማጥበቅም ጎሚኒውን ይጨፈልቀዋል አሉኝ። ከዚያ ማዘርቦርዱም (ዋናው ሰሌዳ) ካርዱም ኃይል እንዳያገኙ ገመዳቸውን ሁሉ ነቀሉ። የፓወር ሳፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን) አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአግራፍ አገናኝተው ፓምፑን ብቻ አስነሡ። በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት አነጠፉ። ሃያ አራት ሰዓት እንዲህ ይዞራል፣ ነገ ነይ አሉኝ።

በማግሥቱ ስመጣ አንዱ ሶፍት ላይ የሳንቲም ግማሽ የምታህል እርጥብ ነጥብ ነበረች። ልቤ ወረደ። እሳቸው ግን "ለዚህ አይደል ያነጠፍነው" ብለው ውሃውን አውጥተው፣ ፊቲንጉን ፈትተው፣ ከጎሚኒው ላይ ፀጉር የምታህል የፕላስቲክ ፍቅፋቂ በጥፍራቸው አነሡ። መልሰው ገጠሙና ሃያ አራቱን ሰዓት እንደገና ከዜሮ ጀመሩት። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ቀን አልፏል ብዬ መብራት እሰጠው ነበር።

አሁን ካርዱ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ 53 ዲግሪ ነው፣ ውሃው 36 አካባቢ። ፋኖቹ መዞራቸውን ለማወቅ እጄን አስጠጋለሁ። እናቴ የመጀመሪያዋን ሌሊት በሩን ከፍታ "ተበላሸ እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች።

ለመግጠሙና ለሁለቱ ቀን 4,000 ብር ከፈልኩ። ለእቅዱ ግን እምቢ አሉ፤ እኔ ደግሞ ዋናው ሥራ እሱ ነው ባይ ነኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ልሂድ ለምትሉ፦ ስልክ አያነሡም፣ በአካል ነው። ጦም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ችኩል ከሆናችሁም አትስማሙም። ደግሞ ለቢሮ ሥራና ለፊልም ማያ ኮምፒውተር ይህን ካላችኋቸው "ፋኑን ጥረጉት፣ ይበቃል" ብለው ይመልሷችኋል፣ አይቻለሁ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትሄዱ የኬዛችሁን ቁመትና ስፋት በሚሊሜትር ለክታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።