«ኮስቲክ ሶዳ የሌለው ናቹራል ሳሙና» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ኦንላይን በእጅ የተሰራ የፊት ሳሙና ስድስት ፍሬ ገዛሁ፣ «ኬሚካል የሚባል አልነካውም፣ ኮስቲክ ሶዳ የለውም፣ ሎሚ ስላለው ፊት ያጠራል» ተብዬ። በሁለተኛው ቀን ፊቴ ቀላ፣ በሦስተኛው ጉንጬ ተላላጠ፣ ለሻጯ ስጽፍላት «አይዞሽ መርዙ እየወጣ ነው ቀጥይበት» አለችኝ እኔም አምኜ ሁለት ቀን ጨመርኩበት፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ኧረ ስሙኝ፣ ጠጣር ሳሙና ያለ ኮስቲክ ሶዳ (ለብቻው ቆዳ የሚያቃጥል ኃይለኛ ኬሚካል ነው) አይሰራም! ሳሙና ማለት እኮ ዘይትና ሶዳ ተዋህደው ሌላ ነገር ሲሆኑ ነው፣ ግሊሰሪኑም የሚወጣው ከዛው ነው። በትክክል ከተሰራ ሶዳው እዛው ያልቃል፣ ቆዳችን ጋ አይደርስም። ችግሩ ሳይመዘን ሲጨመር ነው፣ ምክንያቱም 100 ግራም የወይራ ዘይት 13.5 ግራም አካባቢ ሶዳ ሲፈልግ የኮኮናት ዘይት ግን ወደ 18 ግራም ይፈልጋል፣ ጠንቃቃ ሰሪ ደግሞ ከዛም ላይ 5% ያህል ይቀንሳል ትንሽ ዘይት እንዲተርፍ እንጂ ሶዳ እንዳይተርፍ። የኔዋን በኋላ ሳፋጥጣት «ሶዳውን በዓይኔ አውቀዋለሁ ልምድ አለኝ» አለች፣ የለውም ያለችኝን ማለት ነው!

«እኔ ቤት ሶዳ አይገባም» የሚሉም አሉ፣ ብዙዎቹ የተዘጋጀ የሳሙና ቤዝ ገዝተው አቅልጠው ቀለምና ሽታ የሚጨምሩ ናቸው። እሱ በራሱ ክፋት የለውም፣ ግን የሳሙና ቤዙም የተሰራው በሶዳ ነውና አትሸወዱ። ሎሚውም ቢሆን አሲድ ስለሆነ ሶዳው እዛው ይበላዋል፣ ፊት የሚያጠራ ሎሚ አይተርፍም። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 በታች አሲድ ነው) 5.5 ነው ካሏችሁም አትመኑ፣ የእውነት ሳሙና 9 እና 10 አካባቢ ነው፣ እዛ ድረስ ቢያወርዱት ሳሙናነቱ ይጠፋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሶዳውን በሚዛን ነው ወይ የምትለኩት፣ የትኞቹን ዘይቶች ተጠቀማችሁ፣ መቼ ተሰራ ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቀቀል የተሰራ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መድረቅ አለበት፣ የኔ ገና ሳምንቱ ነበር፣ ሲነካ ይጣበቃል።

ገንዘቤን መልሺ ስላት ብሎክ አደረገችኝ። እናንተም ገዝታችሁ ከሆነና የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ፣ የነካውን ቦታ በብዙ ውሃ ታጠቡት፣ ሶዳውን ይገድለዋል ብላችሁ ሎሚ ወይ አቼቶ እንዳትቀቡበት።