ስም የሌለው የጉንዳን መርዝ አትግዙ፤ የፈሰሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን አንብቡ

በርካሽ የሚሸጥ የጉንዳን ማጥመጃ መርዝ አለ። ሌላ ነገር በነበረበት የፕላስቲክ ዕቃ ተቀድቶ ነው የሚመጣው። ስም የለውም፣ ምን እንደያዘም አልተጻፈበትም፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። የገዛሁት ወጥ ቤት ውስጥ ተደፋ። ሻጩ ጋ ተመልሼ "ውስጡ ያለው ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው "ስኳር ነው፣ ምንም አያደርግም" አለኝ። ምንም የማያደርግ ከሆነ ጉንዳኑን ምን ይገድለዋል?

ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ የፈሰሰውን ነገር ምንነቱን ሳያውቁ ማጽዳት ከባድ ነው።

ደህናው ማጥመጃ ምን እንደያዘ በግልጽ ይጽፋል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ስኳር ውሃ ውስጥ የገባ ቦራክስ ወይም ቦሪክ አሲድ (ሁለቱም ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ያለባቸው ውህዶች ናቸው) ነው፣ መጠኑም 5 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ጄሉ ደግሞ እንደ ፊፕሮኒል ያለ መርዝ በጣም በጥቂቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች ይይዛል። መጠኑ ያነሰው በምክንያት ነው። ጉንዳኗ ሳትሞት ጎጆዋ ደርሳ፣ የበላችውን በአፏ ለሌሎቹና ለንግሥቲቱ ማካፈል አለባት። ስለዚህ ማጥመጃ ቀናት ይፈልጋል። "በደቂቃ ድምጥማጡን ያጠፋዋል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ይዋሻል፣ ወይ የያዘው ሌላ ጠንካራ መርዝ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። መጀመሪያ ልጆችንና የቤት እንስሳትን ከክፍሉ አስወጡ። ጓንት አድርጉ፣ በተለይ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ፤ ቦሪክ አሲድ በጤነኛ ቆዳ ብዙም አያልፍም፣ በተላጠ ቆዳ ግን ይገባል። ፈሳሹን በሶፍት ከዳር ወደ መሃል እየጫናችሁ አንሱት። ወዲያና ወዲህ አትሹት፣ ይሰፋል። ከዚያ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት። መድገሙን አትዝለሉ። ቦራክስ አይተንም፣ ውሃው ሲደርቅ እሱ እዚያው ይቀራል። ጣፋጩ ቅሪት ደግሞ ጉንዳኑንም፣ የልጅ ጣትንም፣ የውሻ ምላስንም ይጠራል።

ዱቄት ከሆነ በደረቁ አትጥረጉት፣ በቫኩምም አትሳቡት። ብናኙ ተነስቶ ሳንባ ይገባል። በእርጥብ ጨርቅ አፍሱት። ምንጣፍ ላይ ከሆነ የሚነሳውን በማንኪያ አንሱና ማንኪያውን ጣሉት፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ በጨርቅ ምጠጡት። የነካው ያልታሸገ ምግብ ይጣላል፣ ዕቃው በደንብ ይታጠባል።

በረኪና አይጠቅማችሁም፤ ቦራክስን አያጠፋውም። ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ያጸዳችሁበትን ሶፍትና ጨርቅ በፌስታል ቋጥራችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩት። ማጥመጃውን ወደ ሲንክ ወይም ወደ አትክልት አትድፉት። ፊፕሮኒል በውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትንና ንቦችን ይገድላል፣ ቦሮን ሲበዛ ተክል ያደርቃል።

ይህ ሁሉ የያዛችሁትን ለምታውቁት ነው። ስም የሌለው ከፈሰሰ አደገኛ እንደሆነ ቁጠሩት። የቦራክስ ማጥመጃ እምብዛም አይሸትም። ጠንካራ ሽታ ከመጣባችሁ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፣ ባለሙያም ጠይቁ። የነካው ሰው ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። የዋጠ ልጅን ምልክቱን ሳትጠብቁ ውሰዱ። እንዲያስታውክ አታድርጉት። ወተትም ማርከሻ አይደለም። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ።

ስትገዙ ታሽጎ የመጣውን ምረጡ። የመርዙ ስምና መጠን፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የአምራቹ አድራሻ፣ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ተጽፎበት ይሁን። ሻጩ "ከዚያው ነው የቀዳሁት፣ ያው ነው" ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ስም የሌለውን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትክፈቱት፣ ወደ ሌላ ዕቃም አትገልብጡት። እንዳለ በፌስታል ቋጥሩት፣ ላዩ ላይ "መርዝ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡትና በአካባቢያችሁ አደገኛ ቆሻሻ የሚሰበስብ ክፍል ካለ ጠርታችሁ አስረክቡት።