በፍሬዛ የተፈለፈለ ፑተር ከ14 ወራት በኋላ፦ የአንድ ኮምቦልቻ ነዋሪ ግምገማ

ከአንድ ወጥ ብረት በፍሬዛ (ብረት እየላጨ በሚቀርጽ ማሽን) ተፈልፍሎ የተሠራውን ፑተሬን፣ ማለትም ኳስ ወደ ጉድጓድ ማስገቢያ የጎልፍ ዱላዬን፣ ከተረከብኩ 14 ወራት ሞልተዋል። በእነዚህ ወራት በኮምቦልቻ ግቢዬ ባዘጋጀሁት መለማመጃ በሳምንት አራትና አምስት ቀን፣ ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ እዚያ ባለው የጎልፍ ሜዳ ተጠቅሜበታለሁ። ሙያዬ የማሽን ሥራ ስለሆነና በቶርኖና በፍሬዛ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ ዕቃውን የመዘንኩት በተጫዋች ዓይን ብቻ ሳይሆን በብረት ሠራተኛ ዓይንም ጭምር ነው። ሠሪው አሜሪካ የሚገኝ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ።

ጎልፍ የተማርኩት ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የማሽን ወርክሾፕ በሠራሁባቸው አምስት ዓመታት ነው። ወደ አገሬ ስመለስ በቦርሳዬ ከያዝኳቸው ዱላዎች መካከል ለኮምቦልቻ ኑሮ የሚሆነኝ አንዱ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ፤ ሌሎቹ ኳሷን መቶና ሁለት መቶ ሜትር ስለሚያርቁ ሰፊ ሜዳ ይሻሉ፣ ፑተር ግን ኳሷን በመሬት አንከባሎ ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት የሚያገለግል በመሆኑ ስምንት ሜትር ርዝመት ያለው ግቢ ይበቃዋል። ደግሞም ቀላል ነገር አይደለም፤ በ72 ምት ያልቃል ተብሎ በሚታሰብ አንድ ሙሉ ጨዋታ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 36ቱ ምት፣ ለፑተር የተመደበ ነው። ሣር አብቅሎ እንደ ምንጣፍ አሳጥሮ መያዝ በእኛ ሰፈር ውኃ የማይታሰብ ስለሆነ፣ በአፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች ባሉ አንዳንድ ሜዳዎች እንደሚደረገው፣ መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፌ በላዩ በጥቂት ዘይት የተለወሰ ደቃቅ አሸዋ ጠቀጠቅሁበት። ለጉድጓዱ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ቆርጬ ቀበርኩ፤ የውስጥ ስፋቱ ሕጉ ከሚያዝዘው 108 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚያንስ ልምምዱን አክብዶልኛል፣ እኔም አልጠላሁትም።

ፑተሩን ያመጣልኝ ለፋሲካ ወደ ደሴ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው። ከሻንጣው ሲወጣ እናቴ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «ለመመርኮዝ አጠረ፣ ለውሻ ከበደ፤ ታዲያ ይህ ከዘራ ምን ሊሆንህ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንደ ቀልድ ብንስቅበትም፣ ስለ ፑተር አመራረጥ ከተነገሩኝ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ከዘራ የሚመረጠው በሚመረኮዘው ሰው ቁመት ነውና። ልጆች ሳለን የገና ዱላ ለመቁረጥ ጫካ ስንወርድም የዛፉን ዓይነት ብቻ አንጠይቅም ነበር፤ ቆልማማው ጫፍ እጃችንን ወደ ታች ስናደርግ መሬቱን እንዴት እንደሚነካ ጎንበስ ብለን እናይ ነበር። ፑተሩን ሳዝዝ ግን ይህንን ረስቼ በፎቶግራፍ ተማረክሁ።

በመጀመሪያ የብረት ሥራውን ልናገር። ብዙ ፋብሪካዎች የፑተርን ራስ የሚያወጡት ብረት አቅልጠው በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ነው። በፍሬዛ ሲሠራ ግን ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ከብረት ጥርብ ላይ ትርፉን እየላጨ ይቀርጸዋል፣ ከመነሻው ብረት ብዙው ፍቅፋቂ ሆኖ ይወድቃል፤ ዋጋውም ከፊሉ በዚሁ ምክንያት ነው። ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር፣ «በፍሬዛ የተሠራ» የሚለው አባባል አንዳንድ ጊዜ በማፍሰስ ወጥቶ ኳሷን የሚመታው ፊቱ ብቻ የተላጨውንም ፑተር የሚጨምር መሆኑ ነው። ራሱን ከዘንጉ የሚያገናኘው አንገትም ከራሱ ጋር አብሮ የተፈለፈለ ይሁን ወይስ በኋላ የተበየደ መጠየቅ ይገባል። ጥሩ ብየዳ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን አንገቱ በኋላ ሲታጠፍ የሚያሳየው ጠባይ የተለየ ስለሆነ ገዢው ቢያውቀው ይሻላል።

የእኔ ፑተር ቅርጽ «አንሰር» የሚባለውን የፒንግ ኩባንያ ፑተር የሚከተል ነው። ይህንን ቅርጽ የጀኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ካርስተን ሶልሃይም በ1966 እ.ኤ.አ. በአንድ የሸክላ ዘፈን ማቀፊያ ወረቀት ላይ እንደነደፈው ይታወቃል፤ ክብደቱን ከራሱ መካከል ወደ ተረከዙ (ዘንጉ ወዳለበት ጎን) እና ወደ ጫፉ (ከዘንጉ ወደሚርቀው ጎን) ስለከፈለው፣ ኳሷ ከመካከሉ ትንሽ ፈንጠር ብላ ብትመታም ራሱ በእጅ ውስጥ ብዙ አይጠመዘዝም። ከአነስተኛ ወርክሾፖች በውድ ዋጋ ከሚወጡት ውስጥ ብዙዎቹ የዚህ ንድፍ ልጆች ናቸው። የሚገርመው፣ የመጀመሪያዎቹ አንሰሮች በፍሬዛ የተፈለፈሉ ሳይሆኑ በማፍሰስ የወጡ ነሐሶች ነበሩ። ቅርጹ ዓለምን ያሸነፈው አሠራሩ ገና ሌላ በነበረበት ጊዜ መሆኑ፣ የፍሬዛውን ጥራት እያደነቅሁ እንኳ ከልኩ በላይ እንዳላወድሰው አድርጎኛል።

በፑተር ፊት ላይ ስለሚቀረጹት ንድፎችም ብዙ ይባላል። የቤቲናርዲ ወርክሾፕ የማር እንጀራ የመሰለ ንድፍ በመቅረጽ ይታወቃል፤ የእኔው ፊት ደግሞ ጠለቅ ያሉ የቅስት መስመሮች አሉት። ጥልቅ ቅርጽ ከኳሷ ጋር የሚገናኘውን የብረት ስፋት ስለሚቀንስ ድምፁ ይለዝባል፣ እጅ «ለስላሳ» ብሎ የሚያውቀውም በአብዛኛው ጆሮ የሰማውን ነው። ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ በሞከርኩ ጊዜ ይህንን ፑተርና የድሮውን መለየት እጅግ ከብዶኛል።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ሳዝዝ ሠሪው ቁመቴን፣ እጄ ከመሬት ያለውን ርቀትና አመታቴ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ ቅስት የሚሠራ ጠይቆኝ ነበር፤ አነስተኛ ሠሪን ከትልቅ ፋብሪካ የሚለየው ዋናው ነገርም ይህ ጥያቄ ነው። አመታቴ ቅስት ስለሚሠራ፣ ዘንጉ በጣት ላይ ሲመዘን ጫፉ ወደ ታች የሚያዘነብል ራስ ተመረጠልኝ፤ ቀጥ አድርገው ለሚመቱ ሰዎች ግን ፊቱ ወደ ሰማይ የሚያይ፣ የተመዛዘነ ራስ ይመከራል። ርዝመቱ 34 ኢንች፣ የራሱ ክብደት 350 ግራም፣ የፊቱ ተዳፋት 3 ዲግሪ፣ ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 70 ዲግሪ እንዲሆን ተስማማን። ዕቃው ሲደርሰኝ ወደ ወርክሾፕ ወስጄ ለካሁት። ርዝመቱ ትክክል ነበር፤ ፊቱን በቀጥታ የብረት ማስመሪያ ላይ አስደግፌ በብርሃን ስፈትሸው እንከን አላገኘሁበትም፤ የጠርዞቹ አጨራረስ እኔ ራሴ ብሠራው የምኮራበት ነበር። የዘንጉ ማዕዘን ግን 72 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። እንዲያውም በ3 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የሚያመጣው የአቅጣጫ ስሕተት ሲሰላ፣ በሦስት ሜትር ርቀት ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይህ ብቻውን ኳስ አያስትም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። እጄን በለመድኩት ቦታ ስይዝ ተረከዙ መሬት ይነካና ጫፉ ይነሣል፣ ዓይን ደግሞ የተነሣውን ጫፍ አይቶ ሳያውቅ እጅን ያስተካክላል፤ በሁለተኛው ሳምንት አቋሜ ሁሉ እንደተለወጠ አስተዋልሁ። ለሠሪው ጻፍኩለት። ስሕተቱን ሳይከራከር ተቀበለ፣ ግን መልሰህ ላክልኝ አለ፤ ከኮምቦልቻ አሜሪካ ልኮ መልሶ ማስመጣት የሚጠይቀውን ገንዘብና የጉምሩክ ጣጣ ስነግረው መልሱ እየዘገየ ሄደ፣ በመጨረሻም ቆመ። የመለካት ስሕተት በማንም ላይ ይደርሳል፤ እኔም በሥራዬ ደርሶብኛል። ያሳዘነኝ ዝምታው ነው።

ስለዚህ ራሴ አጠፍኩት። ራሱን በወይራ እንጨት መካከል አድርጌ በሞርሳ ያዝኩና፣ በአንገቱ ላይ ለክቼ በሠራሁት መያዣ በጣም በቀስታ፣ በየግማሽ ዲግሪው እየለካሁ ወደ 70 መለስኩት። ብረቱ ለስላሳ የካርቦን ብረት በመሆኑ እሺ አለኝ። ሙያው የሌለው ሰው ይህንን እንዲሞክር አልመክርም፤ ፑተሩን መስበሩ ሳይሆን፣ የፊቱን አቅጣጫ ሳያውቅ ማጣመሙ ነው የሚያሰጋው።

የካርቦን ብረት መምረጤ ግን የራሴ ጥፋት ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ቀለሙ ያምራል፣ ድምፁም ልስላሴ አለው ይባላል። ያ ጥቁር ሽፋን ስስ የኬሚካል ሽፋን ስለሆነ የእኔን ዘይታማ አሸዋ አልቻለም፤ በአምስተኛው ወር ታቹና የፊቱ መካከል ነጭ ብረት ወጣበት። ይህ ግን የመልክ ጉዳይ ብቻ ነበር። የባሰው የመጣው በነሐሴ፣ እናቴ ዘንድ ደሴ ሁለት ሳምንት በሰነበትኩበት ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ቆላማ ሙቀት ሲኖራት፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ካለችበት ከጧሳ ተራራ ግርጌ የሚደርስ ሰው በክረምት ጉሙ በር ከፍቶ እንደሚገባ ያውቃል። ፑተሩን በቆዳ ማልበሻው እንዳለ ጥግ አስደግፌው ነበር፤ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ስለቆየ ሳወጣው በቅስት መስመሮቹ ውስጥ ቀይ ዝገት ተሰድሮ አገኘሁት። እናቴ የኑግ ዘይት አመጣችልኝ። እምቢ ማለት ከብዶኝ ቀባሁት፣ ግን የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየተጣበቀ ስለሚሄድ ከሳምንት በኋላ አቧራ ይዞ መስመሮቹን ደፈናቸው። በኋላ በናፍጣ አጥቤ፣ በስስ የብረት ሱፍ አሽቼ፣ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ቀባሁት፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ማልበሻውንም ለጉዞ ካልሆነ አልጠቀምበትም። የዝገቱ ጠባሳ በጣት ይታወቃል እንጂ ኳሷ ላይ ያመጣው ለውጥ አላየሁም። 303 የሚባለውን የማይዝግ ብረት መርጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ክብደቱም ከካርቦን ብረት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በቅርጹ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። መዳብ ያማረው ሰው መዳብ ከባድና ለስላሳ መሆኑን፣ እንደ እኔ ባለ አሸዋ ላይ ደግሞ ቶሎ እንደሚጫጫር ይወቅ። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ግን ከብረት ሲሶ ገደማ ብቻ ስለሚመዝን በዚህ ቅርጽ ክብደቱን ለመሙላት ሌላ ብረት ይፈልጋል።

በአሥረኛው ወር ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝን ሙከራ አደረግሁ። የድሮውን፣ በማፍሰስ የተሠራ ርካሽ ፑተሬን ከአዲሱ ጋር እኩል እስኪሆን ዘንጉን ቆረጥኩት፤ ከታቹ ጎሚስታ ቤት ያገኘሁትን የጎማ ማመዛዘኛ እርሳስ ለጥፌ ክብደቱን አስተካከልኩት። ለሦስት ሳምንት እያፈራረቅሁ መታሁባቸው፣ ውጤቱንም በደብተር መዘገብሁ። ከሁለት ሜትር ልዩነት አላገኘሁም። ከስድስት ሜትር፣ ኳሷን ከጉድጓዱ አጠገብ በማቆም ረገድ አዲሱ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ባልተቆረጠው አሮጌ ፑተርና በአዲሱ መካከል የነበረው ልዩነት አብዛኛው ከመጋዝና ከእርሳስ በኋላ ጠፋ። ስለዚህ ከ400 ዶላር በላይ የከፈልኩበት መሻሻል በአብዛኛው የመጣው ከልኬ እንጂ ከብረቱ አልነበረም።

ይህ ማለት ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ ማለት አይደለም። ልኬን ያወቅሁት በዚያ ሰውዬ ጥያቄዎች ነው፤ ደግሞም ጠርዞቹ በጥንቃቄ የተሞረዱ፣ መስመሩ ከመስመር የማይዛነፍ ዕቃ በየቀኑ በእጅ መያዝ ለእኔ ዓይነቱ ብረት ሠራተኛ ዋጋ አለው፤ የማሽን ሥራ የማስተምራቸው ተማሪዎቼም ጥሩ አጨራረስ ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ሁለት ጊዜ ወደ ክፍል ወስጄዋለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የሚገዛ ሰው ቢያማክረኝ፣ ያለውን ፑተር በልኩ ቆርጦ፣ በእርሳስ አክብዶ ሁለት ሦስት ወር እንዲመታበትና ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ይዞ ሠሪ እንዲፈልግ እነግረዋለሁ።

አሁን ለአንድ የናይሮቢ ጓደኛዬ ሌላ አነስተኛ ወርክሾፕ ዘንድ ፑተር በማዘዝ ላይ ነኝ። 303 ብረት፣ ያልጠቆረ፣ ርዝመቱ 35 ኢንች። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ፑተሩ ከመላኩ አስቀድሞ በማዕዘን መለኪያ ላይ ተደግፎ፣ ቁጥሩ እየታየ ፎቶግራፍ እንዲነሣ። ሠሪው በማግስቱ፣ ለሌላ ደንበኛ የሠራውን በዚያው መንገድ አንሥቶ ላከልኝ፤ 71 ዲግሪ ይላል።