«ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብለው 8,500 ብሬንም ሁለት ራሜንም በሉኝ

ከጥገና ቤቱ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ግን ቦሌም ሆነ ፒያሳ ወይም መገናኛ ኮምፒውተር ተሸክሞ የተንከራተተ ሰው ዓይነታቸውን ያውቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል፣ የመስታወት ባንኮኒ፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የተደራረበ ሲፒዩ (የዴስክቶፕ ሳጥን)። ስትገቡ «ቀላል ነው፣ አታስቡ» ይሏችኋል። ከሰዓት በኋላ ይደወልና «ችግሩ ከባድ ሆኖ ተገኘ» ይባላል።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው የምተዳደረው። ግንቦት ለእኔ የዓመቱ ዋና ወር ነው፤ መመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ በሬ ላይ ይሰለፋል። በዚሁ ሰሞን ዴል ዴስክቶፔ ድንገት ስታክ ማድረግ ጀመረ። ማውሱ ባለበት ይቆማል። ኪቦርዱ ላይ የነም ሎክን ቁልፍ ብጫነው መብራቱ አይበራም፣ አይጠፋም። ዘፈን ከፍቼ ከሆነ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ «ዝዝዝ» እያለ ይቀራል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም። አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ይቆማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም ነው። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶው ተጫነበት፣ አልለቀቀውም። አንድ ማታ የአንዲት ልጅ የ40 ገጽ ማስተካከያ ይዞብኝ ጠፋ። በማግስቱ ታክሲ ይዤ ወሰድኩት።

ሲደውሉልኝ ሄድኩ። ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶው የክስተት መዝገብ ከፈተ። በቀይ ምልክት «ከርነል ፓወር 41» የሚል ተደርድሯል። ጣቱን እላዩ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ዊንዶው ራሱ እየነገረሽ ነው። ማዘርቦርዱ ሄዷል። ተነቅሎ ቺፕ ይቀየርለታል» አለኝ። ማዘርቦርድ ማለት ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ነው። እኔም አመንኩት። ቁጥር ሲያሳየኝ ጊዜ እውነት መሰለኝ።

ያ 41 ምን ማለት እንደሆነ አሁን ነው ያወቅኩት። ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው የሚመዘግበው። መብራት ቢጠፋም ይመጣል። ስታክ ሲያደርግብኝ ቁልፉን ተጭኜ አጠፋው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እነዚያ ቀይ ምልክቶች የእኔ ጣት ውጤት ናቸው። የማዘርቦርድ ጉዳት ማስረጃ ብሎ የሸጠልኝ እሱን ነው።

8,500 ብር ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል» አለኝ። 1,275 ብር ለማዳን ብዬ ተውኩት። አሁን ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። በቴሌብር ላክሁና ሦስት ቀን ጠብቄ ወሰድኩ።

ቤት ሳስነሳው ቀፈፈው። ወርድ ለመክፈት እንኳን ያቃስታል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ እንደ ድሮው ቀጥ አለ። ማታ የአክስቴ ልጅ መጣ፤ ኤሌክትሪካል ነው የሚማረው። የጎኑን ክዳን ፈታ፣ እኔ በስልኬ መብራት ያዝኩለት።

መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ላይ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ማዘርቦርዱን የያዙት ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ሁሉ ግራጫ አቧራ ተኝቷል፣ አንዱም ላይ የመፍቻ ጭረት የለም። «ይሄ ማዘርቦርድ መቼ ነው የተነቀለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መብራቱን ትንሽ ወደ ግራ ሳዞረው ግን አንድ ንጹህ ቦታ ታየ። ራሙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ የሚሰካበት ነው። እዚያ ጋ አቧራው ተጠርጎ የሁለት ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም ነበረኝ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በራሴ ገንዘብ ያስጨመርኳቸው። አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ስቲከሩ ግማሹ የተፋቀ። አስነስተን ሴቲንግ ውስጥ ስናየው 4 ጊጋ ይላል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲፒዩዬን የከፈቱት ለመስረቅ ብቻ ነበር።

ዋናው ችግር ፓወር ሰፕላዩ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቢጫውንና ጥቁሩን ሽቦ በመልቲሜትር ሲለካው 11.1 ቮልት አሳየ። 12 መሆን ያለበት ነው፣ ቢወርድ እስከ 11.4 ነው የሚፈቀደው። የፓወር ሰፕላዩን ፋን እጁን አስጠግቶ ቢሞክረው አይዞርም። ከራሱ ተመሳሳይ ዴል ላይ ፓወር ሰፕላዩን ነቅሎ ሰካልኝ። እነሆ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አንዴም አልቆመም። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የእኛን ሠፈር መብራት መውጣትና መውረድ ለሚያውቅ ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ መሆን ነበረበት።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ገንዘቤን የተቀበለው ልጅ ቆሎ እየቃመ ስልኩን ያያል። ቀና እንኳን አላለም። «ስታመጪው 4 ነበር» አለኝ። ሁለት ነበሩ ስለው «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ከዚያ ለጓደኛው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «እነዚህ ታይፒስቶች ራምና ሃርድ ዲስክ ሳይለዩ መጥተው ይጨቀጭቁናል» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ላፕቶፕ ታቅፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። «አባቴ፣ እዚህ አይስጡ» አልኳቸው። ልጁ ያኔ ነው ቀና ያለው፤ «ውጪልኝ» ብሎ ጮኸብኝ። ሽማግሌው አብረውኝ ወረዱ።

ሲፒዩ ስታስረክቡ ክዳኑን አስከፍታችሁ የራሙንና የሃርድ ዲስኩን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ቫቱን ከፍላችሁም ቢሆን ደረሰኝ ተቀበሉ። ፓወር ሰፕላይ ሳይለካ «ማዘርቦርድ ሄዷል» ካሏችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የእኔ ራሞች የተገዙበት ደረሰኝ ግን ከመሳቢያዬ ተገኝቷል፤ ሴሪያል ቁጥራቸው ተጽፎበታል። ሰኞ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ይዤው እሄዳለሁ።