ለኩላሊት ሕመም ከሐኪም መድኃኒት ጎን የሚወሰድ የቻይና ዕፅ፦ የአገልግሎቱና የመድኃኒቱ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው የኩላሊት ሕመምተኞች የሐኪሙን መድኃኒት ሳያቋርጡ በተጨማሪነት የሚያገኙትን የቻይና ባህላዊ ሕክምናና በዚያ የሚታዘዘውን፣ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የዕፅ ዱቄት ነው። ታላቅ ወንድሜ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ወርዶ ሕመሙ ሦስተኛ ደረጃ ላይ መድረሱ ከተነገረው ጀምሮ የደም ግፊትንና በሽንት የሚወጣ ፕሮቲንን የሚቀንሰውን ሎሳርታን ይወስዳል። በሽንቱ የሚወጣው ፕሮቲን እንደታሰበው ስላልቀነሰለት የኩላሊት ሐኪሙን አማክሮ የዕፅ ሕክምናውን ጨመረ። የመድኃኒቱንና የምርመራውን ወረቀት የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ፣ የምሰጠው አስተያየት በዋናነት ከእነዚያ ወረቀቶች የተነሣ ነው።

በአገልግሎቱ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ባለሙያዋ ምላሱን ከማየቷና የሁለቱን እጆቹን የልብ ትርታ ከመዳሰሷ በፊት የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጠይቃ መመዝገቧ ነው። ከዚያም በቅመማው ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን ዕፅ ከነክብደቱ በግራም ጽፋ ሰጠችን፤ እኛም ወረቀቱን ለኩላሊት ሐኪሙ አሳየነው። ሐኪሙ ከዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀለም አሰመረበት፤ ይኸውም ሌሎቹን ዕፆች ያስማማል ተብሎ በብዙ የቻይና ቅመማ ውስጥ የሚጨመረው ጋን ጻኦ የተባለው ጣፋጭ ሥር ነበር። ይህ ሥር በውስጡ ያለው ግሊሲራይዚን ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ፣ ፖታሺየም እንዲወርድና የደም ግፊት እንዲጨምር ስለሚያደርግ፣ ሎሳርታኑ የሚሠራውን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። ባለሙያዋ ያለ ምንም ቅሬታ አወጣችው። እኔ ለአገልግሎቱ ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ወረቀት ላይ ተነጋግረው ማረም ካልቻሉ ሁለቱን ሕክምና ጎን ለጎን መውሰድ ለበሽተኛው አደጋ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። የሽንቱ ፕሮቲን ቀንሷል፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሪያቲኒኑም ባለበት ቆይቷል፤ ሆኖም በዚያው ወቅት ጨው ቀንሷል፣ ሐኪሙም ዳፓግሊፍሎዚን የተባለ ሌላ የኩላሊት መድኃኒት ጨምሮለታል፤ ስለዚህ ምስጋናው ለየትኛው እንደሚገባ ከአንድ ሰው ምርመራ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በቅመማው ውስጥ ዋናው ዕፅ ሁዋንግ ቺ (አስትራጋለስ) ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ግምገማ በዚህ ዕፅ ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲወሰድ የሽንት ፕሮቲንን የመቀነስ ተስፋ ሰጪ ምልክት ማየቱን፣ የጥናቶቹ ጥራት ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ቁርጥ ያለ መደምደሚያ ላይ መድረስ እንደማይቻል ገልጿል። ፕሮቲን መቀነሱ ራሱ መልካም ነገር ቢሆንም፣ በሽተኛው ከኩላሊት እጥበት ይድናል ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ሳይነግር ዕፁን የሚያሞግስ ሻጭ እምነት ሊጣልበት አይገባም።

የዱቄቱ ጣዕም መራራ ነው፤ ነገር ግን ተቀቅሎ ከሚጠጣው ይሻላል ባይ ነኝ። መጠኑ የታወቀ ነው፤ የሚበጠበጥበት ውኃም ትንሽ ስለሆነ፣ ፈሳሽ እንዲቀንስ ለተነገረው ሰው አይከብድም። ዕፅም እንደ ማንኛውም ተክል ፖታሺየም ስላለው፣ ሎሳርታንና ኢናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶችም ፖታሺየምን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረም በኋላ በየጊዜው ፖታሺየም፣ ክሪያቲኒንና የጉበት ምርመራ መታየት አለበት። ባለሙያዋ ይህን ሳትጠየቅ በጽሑፍ አዛለች።

በሌላ በኩል አንድ ዘመድ «ኩላሊት ያጠናክራል» ተብሎ የተሸጠለትን እንክብል አምጥቶልን ነበር። ጠርሙሱ ላይ የተስፋ ቃል እንጂ የአንድም ዕፅ ስም አልሠፈረም። ለዚህ ምርት የምሰጠው ነጥብ ዜሮ ነው፤ ወንድሜ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዲወስድ አልፈቀድኩም። ይህን ያህል የከረርኩት በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ፣ ፋንግ ጂ በተባለው ዕፅ ፈንታ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ያለበት ጓንግ ፋንግ ጂ ገብቶ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹም ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሽንት ቧንቧቸው ላይ ካንሰር የተገኘባቸው ነበሩ። ቻይና ራሷ ይኸው መርዝ ያለበትን ጓን ሙ ቶንግ የተባለ ሌላ ዕፅ እ.ኤ.አ. በ2003 ከመድኃኒትነት አግዳለች። ስሙ ባልተጻፈ እንክብል ውስጥ ስቴሮይድ፣ ኩላሊት የሚጎዳ የሕመም ማስታገሻ፣ እርሳስ ወይም ሜርኩሪ ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜም ብዙ ነው።

ስማቸው በግልጽ ተጽፎ እንኳ ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። ሌይ ጎንግ ተንግ የተባለው ዕፅ የሽንት ፕሮቲንን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጉበትን፣ መቅኔንና የመውለድ አቅምን ስለሚጎዳ፣ ልጅ መውለድ የሚያስብ ወጣት ቀርቶ ማንም ያለ ጥብቅ ክትትል ሊወስደው አይገባም። አንጀት እንዲያጸዳ የሚሰጠው ዳ ሁዋንግ ተቅማጥ ካበዛ ሰውነትን ያደርቅና የደከመውን ኩላሊት ይባስ ይጥለዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዳን ሸን የተባለውን ዕፅ ቢጨምርበት ደሙ ያለ ልክ ሊቀጥንና ሊደማ ይችላል። ንቅለ ተከላ ያደረጉትን በተለይ አሳስባለሁ፦ ዉ ዌይ ዚ የተባለው ዕፅ፣ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጠው ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ተተክሎ በስንት መከራ የተገኘውን ኩላሊት ራሱ መድኃኒቱ ሊጎዳው ይችላል።

በአገልግሎቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። ዱቄቱ ከከባድ ብረቶች ነጻ መሆኑን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ወረቀት የተሰጠን ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ ይህ ወረቀት ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መሰጠት የነበረበት ነው። እንዲህም ሆኖ ሕመማቸው ገና መጀመሪያ ወይም መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለና የኩላሊት ሐኪማቸውን ዘወትር ለሚያዩ ሰዎች አገልግሎቱን እመክራለሁ። ለእጥበት ለተቃረቡ፣ ነፍሰ ጡር ለሆኑና ሐኪማቸው ሳያውቅ ሊጀምሩት ላሰቡ ግን አልመክርም። የጀመረም ቢሆን ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም የሽንት መቀነስ ካየ፣ ዕፁን በዚያው ዕለት አቁሞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ የዕፆቹን ዝርዝርም ይዞ ይሂድ።