አገጬን ወደፊት ላስወጣችኝ ፎቶ አንሺ

እኔ ፎቶ መነሳት አልወድም። ለሥራ ጉዳይ ፎቶ በተጠየቅሁ ቁጥር የምልከው ከአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ተቆርጦ የወጣ ነበር። ግራ ትከሻዬ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ አለበት። ባለፈው ወር ግን መሥሪያ ቤቴ ለድረ ገጹ ደህና ፎቶ አምጣ አለኝ። እጅ ያለበት አይሆንም ተባልኩ። አንድ ባልደረባዬ ወደ አንዲት ፎቶ አንሺ መራኝ፤ ይህን የምጽፈው እሷን ለማመስገን ነው።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ካሜራው ሳይነሳ ነው። ቀጠሮ ልይዝ ስደውል ስለ ሂሳብ ሳይሆን "ፎቶው የት ነው የሚወጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላ "መነጽር ያደርጋሉ?" አለች። አዎ፣ ግን አወልቀዋለሁ አልኳት። "አያውልቁት ጋሼ። ሰው የሚያውቅዎት በሱ ነው። ነጸብራቁን ለኔ ይተዉት።"

ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ፀጉር መቆረጥ ካስፈለገ ከሳምንት በፊት ይሁን፣ በዕለቱ አይሆንም። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ይቅር፤ መስመሮቹ ካሜራው ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ይሆናሉ። ለካስ የምወደው ሸሚዜ ልክ እሱ ነው! ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ቀይም አልተፈቀደም። ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ አገጭ ሥር ቀለሙን ይጥላል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብቼ እንዳልመጣም ነገረችኝ፤ አንዳንዱ ውስጡ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ በፍላሽ ፊትን ያነጣዋል። ኮቱን ደግሞ ቤት ለብሼ፣ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ እንድሞክረው መከረችኝ። ቆሜ ያማረብኝ ኮት ስቀመጥ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የኋላውን ጫፍ ወደታች ስቦ እላዩ ላይ መቀመጥ።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተነሳሁት ፎቶ ትዝ አለኝ። "ፈገግ በል" ተባልኩ፣ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ፣ አለቀ። ፎቶው ላይ ለምርመራ የተያዘ ሰው እመስላለሁ።

እሷ ግን የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች "ማሟሟቂያ ነው፣ አይቆጠርም" አለችኝ። ከኔ ራቅ ብላ ነው የቆመችው። ለምን ብላት በስልክ ራሳችንን ስናነሳ አፍንጫችን ለምን እንደሚገዝፍ አስረዳችኝ። ካሜራው ሲቀርብ የቀረበው ነገር ይተልቃል። ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አገኘሁ። ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል ይላል። ስንት ዓመት አፍንጫዬን በከንቱ ስወቅሰው ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወደ አገጬ መጣች። "ወደፊት ያውጡት፣ አሁን ትንሽ ዝቅ።" አንገቱን ከድንጋዩ ያወጣ ኤሊ የሆንኩ መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ ስታሳየኝ ግን ሁለተኛው አገጬ የለም! የመነጽሬን ዘንግ ከጆሮዬ ላይ በጥቂቱ ከፍ አድርጋ መስታወቱን ወደታች አዘነበለችው፣ መብራቱን ወደ ላይ ሰቀለችው፣ ነጸብራቁ ጠፋ። ዓይኔን አስጨፍና ሦስት ቆጥራ ታስገልጠኛለች፤ መጨናነቄ የለቀቀኝ እዚያ ላይ ነው። ፈገግ በል ያለኝ የለም። ስለ ሥራዬ እየጠየቀች ታስወራኝ ነበር።

ፎቶ ስንመርጥ "ፊቴ ጠማማ ነው" አልኳት። ሳቀች። "እርስዎ የሚያውቁት የመስታወቱን ፊት ነው። እሱ ግራ ቀኙ የዞረ ነው። ሌላው ሰው የሚያይዎት ይሄንን ነው።" ምርጫውን ለባለቤቴ እንድሰጣት መከረችኝ። ባለቤቴም እኔ የጣልኩትን አነሳች፣ መሥሪያ ቤትም እሱን ወደዱት።

ፎቶውን ስታስተካክል ግንባሬ ላይ የነበረችውን ብጉር አጠፋች፣ የቅንድቤን ጠባሳ ግን ተወችው። "ለሳምንት የመጣውን አጠፋለሁ፣ ነዋሪውን አልነካም" ነው ያለችኝ።

እንከን አትጠፋም፤ ካለችኝ ቀን ሁለት ቀን አሳልፋ ነው ያስረከበችኝ። ቀኑ ለሚያስቸኩለው ሰው ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ሠርጉ ላይ የነበራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እጁ የማን ነው?