ፍሪጁን ሳይነካ ስለ ውሃው ለጠየቀኝ ልጅ

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ። ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ማንኩሳና ቡሬ ያላችሁ በተለይ ይህችን አንብቡልኝ። አንድ ወጣት ፍሪጅ ሰሪ ላመሰግን ነው። የሠራልኝ በደብረ ዘይት ሰሞን ነበር። ይኸው ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሥራው መጽናቱን ሳላይ ሰው ጠቁሜ የማንንም ገንዘብ ማስበላት አልፈለግሁም። አሁን አይቻለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ጭማቂ ቤት አለችኝ። በረዶ ራሱ የሚሠራ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ልኮልኛል። ውሃ በቀጭን ቱቦ ይገባለታል፣ እሱ በረዶውን እየሠራ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል። እንዲህ ያለው ፍሪጅ በእኛ ከተማ ብዙም ስለሌለ የሚያውቀው ሰውም ጥቂት ነው።

ሁዳዴ ለጭማቂ ቤት ዋና የሥራ ጊዜ ነው። ሙቀቱም የሚበረታው ያኔ ነው። በመንገድ የደከመ ሰው ገብቶ ገና ሳይቀመጥ "በረዶ አለው?" ነው የሚለው። እኔ ዘንድ ደግሞ በቅድስት ሳምንት በረዶው ጠፋ። መጀመሪያ የበረዶው ፍሬ እያነሰ፣ መሃሉ ክፍት እየሆነ መጣ። ከዚያ ጭራሽ ቆመ።

የጠራሁት የመጀመሪያው ባለሙያ ከጀርባው ትንሽ ጎርጎር አደረገና "ጋዝ አልቋል" አለኝ። ተሞላ፣ ከፈልኩ። በረዶ የለም። ሁለተኛው ቱቦው መጋገሩን አይቶ በሙቅ ውሃ አቀለጠው። ሦስት ቀን ሠራ፣ በአራተኛው ቆመ። ተመልሶ ሲመጣ "ዕቃው ሞቷል፣ ሙሉውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው" አለ። የነገረኝን ዋጋ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለቱንም አልወቅስም፣ ስማቸውንም አላነሳም። ግን ያ ሁሉ ቀን ልጆቹ በረዶ ፍለጋ ሰው ቤት ሲዞሩ ነው የከረሙት።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቴ "ይህን ልጅ ጥሪው" አለችኝ።

መጣ። ዕቃውን መሬት አስቀመጠና ፍሪጁን ሳይከፍት "እትዬ፣ ውሃው ከመስመር ነው ወይስ ከሮቶ?" አለኝ። ከሮቶ መሆኑን ነገርኩት። "ከመቼ ጀምሮ?" አለ። የመስመሩ ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሌሊት ስለሚመጣ በጥር ወር የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ ሁሉንም ወደ ሮቶው አዙሬዋለሁ። ሌሎቹ ይህን አልጠየቁኝም፣ እኔም ከበረዶው ጋር ይገናኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩት።

ልጁ ወጥቶ የሮቶውን ማማ በዓይኑ ለካ። አራት ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከፍሪጁ ጀርባ ቱቦውን ነቅሎ ጆግ ውስጥ አስገባና ውሃውን ለቀቀ። ውሃው አቅም አጥቶ እየተንቀረፈፈ ወረደ። ነገሩ ለእኔም የታየኝ ያኔ ነው።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ውሃ አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። የእኔ ሮቶ ሞልቶ እንኳን ግማሽ ባር መድረሱ ያጠራጥራል። ወደ በረዶ መሥሪያው ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ግን ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 1.4 ባር ይፈልጋል። ደግሞም ቫልቩ አጥብቆ የሚዘጋው በውሃው በራሱ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ጠብ ጠብ ይላል። ያቺ ጠብታ ፍሪዘር ውስጥ ባለችው መግቢያ ቱቦ ላይ በረዶ ሆና ትደርቃለች። ጠብታ በጠብታ ላይ እየደረበ ቱቦው ይደፈናል። ሙቅ ውሃ ያቀለጠው ለዚያ ነው ሦስት ቀን ብቻ የሠራው፤ ጠብታው አልቆመም ነበር።

ፍሪዘሩ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብቶ ቡና እስክናፈላ ጠበቀ። ከዜሮ በታች 17 አነበበ። 18 አካባቢ መሆን ያለበት ነውና ቅዝቃዜው ደህና ነው፣ ጋዙም ደህና ነው። "ሥጋው እንደ ድንጋይ ከደረቀ ጋዝ አላለቀም እትዬ" አለኝ። በረዶ መሥሪያው ፍሬውን የሚጥለው ውሃው የሚረጋበት ቅርጽ ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ያኔ ትንሽ ማሞቂያ ፍሬውን ከቅርጹ ያላቅቀዋል፣ ክንዱም ገፍቶ ይጥለዋል። ውሃ ካልገባ ግን ምን ይጥላል?

ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለ። ለብ ያለ ውሃ በመርፌ መስጫ ስሪንጅ ወደ ቱቦው ቀስ እያለ ጨመረ። ከታች ጨርቅ አንጥፏል። ትንሽ ቆይቶ የጣት ርዝመት ያለው ነጭ በረዶ ተንሸራቶ ወጣ፤ ቁርጥ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይመስላል። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ያቺ ናት።

ቫልቩንም ፈታው። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት በዝገትና በደቃቅ አሸዋ ተሞልታለች። በጥርስ ብሩሽ አጥቦ መለሳት። የውሃ ማጣሪያውም በየስድስት ወሩ መቀየር ሲገባው ዓመት አልፎታል። ከዚያ ከሮቶው ሥር፣ ውሃ ሲከፈት ራሱ የሚነሳ ሲዘጋ የሚቆም ትንሽ ፓምፕ ገጠመ። ፓምፑን ሱቅ ድረስ አብሮኝ ሄዶ አስመረጠኝ፣ ሂሳቡን እኔው ለባለሱቁ ከፈልኩ። በላዩ ላይ አንዲት ብር አልጨመረም። የጠየቀኝ የእጁን ብቻ ነው፣ እሱም ለጋዙ ከከፈልኩት ያነሰ።

ሲሄድ "ዛሬውኑ አይጠብቁ፣ እስከ ነገ ይስጡት። መጀመሪያ የሚወጣውን ሁለት ሦስት ዙር ይድፉት" አለ። በማግስቱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሥራ ስነሳ ከጓዳ ኳ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። በረዶው ሳጥኑ ውስጥ እየወደቀ ነበር። ቆሜ ሰማሁት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ማነው የሚያንኳኳው?" አለችኝ። በረዶው መሆኑን ስነግራት ልጁን መረቀችው፦ "እጁን ይባርክለት፣ ወልዶ ይሳም።" እኔም አሜን አልኩ። አሁንም እላለሁ።

እንዲህ ያለ ፍሪጅ ያላችሁ፣ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት እሱ ያሳየኝን እዩ። ከበረዶ ሳጥኑ በላይ ያለችው የሽቦ ክንድ ወደ ላይ ተነስታ ከሆነ መሥሪያው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጓት። ፍሬው ትንሽና ክፍት ከሆነ የውሃ እጥረት ነው። የተጋገረውን ደግሞ በቢላ እንዳትነኩ፣ አደራ። ውስጡ ያለው የጋዝ መስመር ከተበሳ ያኔ እውነተኛው ወጪ ይመጣል።

የልጁን ስምና ስልክ እዚህ አልጻፍኩም፤ ራሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለኝ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ደምበጫና ቡሬ ድረስም ይሄዳል። ጠዋት ሥራ ላይ ስለሚሆን ስልክ የሚያነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ስትደውሉለት ሮቶአችሁ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠ ቀድማችሁ ለኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።